የሥራው ሰዓት መዝገብ በማን እጅ ይሁን?

ሠራተኛው «አሥር ሰዓት ሠርቻለሁ» ይላል፤ አሠሪው «የሠራኸው ስምንት ነው» ይላል። ሁለቱ ዳኛ ፊት ቀርበው ሲከራከሩ፥ የተጻፈ ነገር ከሌለ፥ ዳኛው የማንን ቃል ይመን? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ባለፉት ጥቂት ዓመታት የአውሮፓን ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች እጅግ ካከራከሩት የሠራተኛ ጉዳዮች አንዱ ይኸው ነው። ስለ ደመወዝ ጭማሪና ስለ ሥራ ማቆም አድማ የሚወራውን ያህል ግን አልተወራለትም። እኛ ጉዳዩን የሕግ ተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የሚይዙ ወጣት ሠራተኞች ሊያውቁት የሚገባ መስሎ ስለታየን ዛሬ ጥቂት ልንጽፍበት ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ስለ አገራችን ሕግ ስንናገር ካልሆነ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ክርክሩ የተነሣው በማድሪድ ነው። በ2017 ዓ.ም. ኮሚሲዮኔስ ኦብሬራስ የሚባለው ትልቁ የስፔን ሠራተኞች ማኅበር በአገልግሎት ክፍሉ በኩል የዶይቼ ባንክን የስፔን ኩባንያ ከሰሰ። ክሱ ባንኩ የሰው ደመወዝ አስቀርቷል የሚል አልነበረም። ሠራተኞቹ በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደሚሠሩ የሚመዘገብበት ሥርዓት ይቋቋም የሚል ብቻ ነበር። ባንኩ የነበረው የኮምፒዩተር መዝገብ ሠራተኛው ሙሉ ቀን ከሥራ የቀረበትን ዕለት ብቻ የሚያሳይ ነበር። ያው ሠራተኛ ሥራ በዋለበት ቀን ማታ በስንት ሰዓት ወደ ቤቱ እንደ ሄደ የሚናገር ወረቀት ግን አልነበረም።

የስፔን ሕግ በዚያን ጊዜ አሠሪው የትርፍ ሰዓት ሥራን እንዲመዘግብ ያዝዝ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በዚያው በ2017 ዓ.ም. ሕጉን ሲተረጕም፥ ከትርፍ ሰዓት በቀር መደበኛውን የዕለት ሥራ ሰዓት የመመዝገብ ግዴታ የለም ብሎ ፈርዶ ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ያስብበት። መደበኛው ሰዓት የት ላይ እንዳለቀ ካልተጻፈ፥ ትርፉ የት ላይ እንደ ጀመረ እንዴት ይታወቃል? ገበያ ወጥቶ ዋናው እህል ሳይሰፈር ምርቃቱን ቍጠሩልኝ እንደ ማለት ነው። በክርክሩ የቀረበው አኃዝም ይህንኑ ያሳያል፤ በስፔን ከሚሠራው የትርፍ ሰዓት ሥራ 53.7 በመቶ የሚሆነው በመዝገብ ያልገባ ነበር።

ጉዳዩን የያዘው በማድሪድ የሚገኘው ብሔራዊ ችሎት ከበላዩ ካለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትርጓሜ ጋር አልተስማማም። ይሁን እንጂ የበላዩን ፍርድ ወደ ጎን አድርጎ በገዛ ሥልጣኑ ከመፍረድ ይልቅ ጥያቄውን ጽፎ ወደ ሉክሰምቡርግ ላከው።

ስለ ሉክሰምቡርጉ ፍርድ ቤት ጥቂት ቃል መናገር ያስፈልጋል፤ ከሌሎች ጋር ሲምታታ ብዙ ጊዜ እንሰማለንና። ይህ ፍርድ ቤት በዘ ሄግ ከሚገኘው የዓለም ፍርድ ቤትም፥ በስትራስቡርግ ከሚገኘው የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤትም የተለየ ነው። በ1952 ዓ.ም. የተቋቋመ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ሲሆን፥ ከ27ቱ የኅብረቱ አገሮች ከእያንዳንዳቸው አንድ ዳኛ ይቀመጥበታል። ሠራተኛ አሠሪውን በቀጥታ ሄዶ የሚከስበት ስፍራ አይደለም። የአንድ አገር ዳኛ የኅብረቱን ሕግ ትርጕም ሲጠራጠር ጥያቄ ይልካል፤ ሉክሰምቡርግ ትርጕሙን ይመልሳል፤ በመጨረሻ ፍርዱን የሚሰጠው ግን ጠያቂው ዳኛ ራሱ ነው። በዚህም ምክንያት በአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ የሚያስችል የመጀመሪያ ደረጃ ዳኛ፥ ይግባኝ ሰሚውን ሳይጠብቅ፥ ጥያቄውን እስከ ላይ ለማድረስ ይችላል። በሠራተኛ ጉዳይ ከታዩት ታላላቅ ፍርዶች ብዙዎቹ እንዲህ ካለው ተራ ችሎት የተነሡ ናቸው።

መልሱ ሜይ 14 ቀን 2019 ዓ.ም. ተነበበ። የኅብረቱ የሥራ ሰዓት መመሪያ የሳምንቱ ሥራ፥ ትርፍ ሰዓትን ጨምሮ፥ በአማካይ ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፥ በየዕለቱም ቢያንስ 11 ሰዓት የማይቋረጥ ዕረፍት እንዲሰጥ፥ በየሳምንቱም አንድ ሙሉ ቀን ዕረፍት እንዲኖር ያዝዛል። ዳኞቹ ሰዓቱ ካልተለካ ይህ ትእዛዝ መከበሩም መጣሱም ሊታወቅ አይችልም አሉ። ስለዚህ አባል አገሮች አሠሪዎችን የእያንዳንዱን ሠራተኛ የዕለት ሥራ ሰዓት የሚለካ፥ ከአድልዎ የራቀ፥ የሚታመንና ሠራተኛው በቀላሉ ሊያየው የሚችል ሥርዓት እንዲያቋቁሙ ማስገደድ እንዳለባቸው ወሰኑ። በምስክር ቢረጋገጥስ ለሚለውም መልስ ሰጥተዋል። ሠራተኛው በውሉ ውስጥ ደካማው ወገን ነው፤ ምስክር የሚሆንለትም ያው የሥራ ባልደረባው ነው፤ ነገ ከዚያው አለቃ ሥር የሚውል ሰው ዛሬ በአለቃው ላይ ለመመስከር መፍራቱ አይቀርም። መሥሪያ ቤት ውስጥ ለአንድ ወር ያህል እንኳ የሠራ አንባቢ ይህን ለማመን ሌላ ማስረጃ የሚያስፈልገው አይመስለንም።

የስፔን መንግሥት ፍርዱ እስኪወጣ አልጠበቀም። በማርች 2019 ዓ.ም. ባወጣው ድንጋጌ አሠሪ ሁሉ የሠራተኛውን የዕለት መግቢያና መውጫ ሰዓት እንዲመዘግብ፥ መዝገቡንም ለአራት ዓመት እንዲያስቀምጥ አዘዘ። ግዴታው በሥራ ላይ የዋለው ሜይ 12 ቀን፥ ማለት ሉክሰምቡርግ ከመናገሩ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው።

መዝገብ ይያዝ ከተባለ በኋላ ደግሞ በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው ምንድን ነው የሚል ጥያቄ ይከተላል። በዚህ ነገር ያው ፍርድ ቤት አስቀድሞ ብዙ ተናግሮበታል። በ2003 ዓ.ም. በጀርመን የኪል ከተማ ሐኪም ጉዳይ፥ ተረኛው ሐኪም በሆስፒታሉ ውስጥ አልጋ ተነጥፎለት ቢተኛ እንኳ እዚያ እንዲገኝ እስከ ተገደደ ድረስ ሰዓቱ የሥራ ሰዓት ነው ተባለ። በ2015 ዓ.ም. የተወሰነ መሥሪያ ቦታ የሌላቸው የስፔን ቴክኒሻኖች ጠዋት ከቤታቸው ወደ መጀመሪያው ደንበኛ፥ ማታም ከመጨረሻው ደንበኛ ወደ ቤታቸው የሚሄዱበት ጊዜ ሥራ ሆኖ ተቈጠረ። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ የቤልጂየም የኒቬል ከተማ እሳት አጥፊ በቤቱ ተቀምጦ ሳለ ሲጠራ በ8 ደቂቃ ውስጥ ጣቢያው እንዲደርስ ይገደድ ስለ ነበር፥ ያ በቤቱ ተገድቦ የተቀመጠበት ጊዜ የሥራ ሰዓት መሆኑ ተፈረደ።

ነገር ግን ፍርድ ቤቱ ሁልጊዜ ለሠራተኛው ያደላል የሚሉ ሰዎች የስሎቬንያውን ጉዳይ ቢመለከቱ መልካም ነው። አንድ የቴሌቪዥን ማሠራጫ ቴክኒሻን ተራራ ላይ በሚገኝ ጣቢያ ይሠራ ነበር። ከመደበኛው ሥራ ሰዓቱ ውጭ ቢጠራ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ መድረስ ነበረበት። መኖሪያው ሩቅ ስለ ነበረ እዚያው ያድራል፤ በአካባቢው የሚዝናናበት ነገር እምብዛም የለም። ዳኞቹ በ2021 ዓ.ም. በሰጡት መልስ፥ የቦታው ሩቅነትና የመዝናኛ ማጣት አሠሪው የጫነው ገደብ ስላልሆነ ጊዜውን በሙሉ ሥራ ለማሰኘት አይበቃም፤ የሚመረመረው አሠሪው የጫነው ገደብ የሰውየውን ነፃ ጊዜ ምን ያህል እንዳጠበበው ነው አሉ። ስምንት ደቂቃና አንድ ሰዓት የተለያየ ፍርድ ማምጣታቸው ተገቢ ነው እንላለን። በስምንት ደቂቃ ውስጥ ለመድረስ የሚጠባበቅ ሰው ልጁን ይዞ ገበያ ለመሄድ አይችልም፤ አንድ ሰዓት የተሰጠው ግን ይችል ይሆናል።

ወደ መዝገቡ እንመለስ። የሉክሰምቡርጉ ፍርድ ወደ ጀርመን በተሻገረ ጊዜ የደረሰበት ዕጣ ለሕግ ተማሪ ትልቅ ትምህርት አለው። በ2022 ዓ.ም. ብቻ በኤርፉርት የሚገኘው የፌዴራሉ የሥራ ፍርድ ቤት በጉዳዩ ሁለት ጊዜ ፈርዷል፤ ሁለቱ ፍርዶች ደግሞ ጎን ለጎን ሲነበቡ ያስገርማሉ።

የመጀመሪያው በሜይ ወር የተሰጠው ነው። አንድ ዕቃ አመላላሽ ሾፌር ከሥራው ሲለቅ የ348 ሰዓት ትርፍ ሥራ ዋጋ፥ ማለት 5 ሺህ 222 ዩሮ ከ67 ሳንቲም ይከፈለኝ ብሎ ከሰሰ። የአሠሪው መሣሪያ ሥራው የተጀመረበትንና ያለቀበትን ሰዓት ይመዘግባል፤ በመካከል የተወሰደውን ዕረፍት ግን አይመዘግብም። ሾፌሩ ዕረፍት ብወስድ ኖሮ ዕቃውን አዳርሼ አልጨርስም ነበር፤ ስለዚህ አልወሰድኩም አለ። አሠሪው ይህን ካደ። የኤምደን ከተማ የሥራ ፍርድ ቤት የሉክሰምቡርጉን ፍርድ ጠቅሶ ሰዓቱን መመዝገብ የአሠሪው ግዴታ ስለ ነበረ ያልመዘገበው ራሱ ይከፈልበት ብሎ ለሾፌሩ ፈረደ። ይግባኝ ሰሚው ግን ሻረው፤ ኤርፉርትም የይግባኙን አጸና። ምክንያቱም የሉክሰምቡርጉ ፍርድ የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት ለመጠበቅ የተሰጠ እንጂ የክፍያን ጉዳይ የሚመለከት አይደለም፤ ስለዚህ ትርፍ ሰዓት መሥራቱን የማስረዳት ሸክም እንደ ቀድሞው በሠራተኛው ላይ ይቀራል የሚል ነው።

ሁለተኛው በሴፕቴምበር 13 ቀን ተሰጠ። በአንድ ድርጅት ያሉ ሠራተኞች የመረጡት ኮሚቴ፥ አሠሪው የኤሌክትሮኒክ የሰዓት መመዝገቢያ እንዲያስገባ የማስገደድ መብት አለኝ ብሎ ተከራክሮ ነበር። ፍርድ ቤቱ ለኮሚቴው መብት የለህም ብሎ ፈረደበት። ምክንያቱን ሲገልጽ ግን አገር ጉድ አለ። የሥራ ደኅንነት ሕጉ ከሉክሰምቡርጉ ፍርድ ጋር አብሮ ሲነበብ እያንዳንዱ አሠሪ የሥራ ሰዓትን የመመዝገብ ግዴታ አሁንም አለበት፤ ሕግ አስቀድሞ ያዘዘውን ነገር ደግሞ ኮሚቴ እንደ አዲስ የሚጠይቅበት ሥርዓት የለም አለ። ኮሚቴው በክርክሩ ተረታ፤ የፈለገው ነገር ግን ለራሱ ድርጅት ብቻ ሳይሆን ለመላው ጀርመን ሠራተኛ ተፈቀደለት። አሸናፊው አሠሪ ያን ዕለት ማታ ምን እንደ ተሰማው ለማወቅ በወደድን ነበር!

እንግዲህ ሁለቱን አጣምረን እንመልከታቸው። በሴፕቴምበሩ ፍርድ አሠሪው መመዝገብ አለበት፤ በሜዩ ፍርድ ባይመዘግብ በክፍያ ክርክር ሸክሙ ወደ እርሱ አይዞርም። ጤንነትና ደመወዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እናውቃለን፤ መመሪያው የወጣበት ሥልጣን ጤንነትን እንጂ ደመወዝን የማይመለከት መሆኑም ትክክል ነው። ሕግን በሕግነቱ ለሚያነብ ሰው የኤርፉርት ዳኞች አልተሳሳቱም። ሆኖም በእኛ አስተያየት ነገሩ ለሾፌሩ ፍትሕ አልሆነለትም። አሠሪው መያዝ የነበረበትን መዝገብ ሳይዝ ቀርቶ፥ በዚያ መዝገብ መጥፋት ምክንያት የሚጎዳው ሠራተኛው ከሆነ፥ የማይመዘግብ አሠሪ ከሚመዘግበው ይልቅ ተጠቃሚ ይሆናል። የኤምደን ዳኛ ያየው ይህንን ነበር፤ ቢሻርም ያየው እውነት ነው ብለን እናምናለን።

በጀርመን ይህ ሁሉ ሲሆን የጥንቱ የፋብሪካ በር ሰዓት ተመለሰብን የሚል ጩኸት ተሰምቷል። በዚያ አገር ብዙ የቢሮ ሠራተኞች ሰዓት ሳይቈጠርባቸው፥ ሥራቸውን እስከ ፈጸሙ ድረስ በእምነት ይሠራሉ። ይህን ነፃነት የሚወዱት ሠራተኞች ራሳቸው መሆናቸውንም መካድ አይገባም። ነገር ግን ሠራተኛው እንደ ፈቃዱ መግባትና መውጣቱን መዝገብ አይከለክለውም፤ መቼ እንደ ገባና እንደ ወጣ ይጻፋል እንጂ። ክርክሩ ጠንከር የሚለው በቢሮ ሳይሆን ሌላው ሰው በማያይበት ስፍራ ነው። ከዚህ በታች ሰፋ አድርገን የምንጽፈውም ስለዚሁ ስፍራ፥ ስለ ሰው ቤት ነው።

የቤት ሠራተኛ በአውሮፓም ቢሆን ለረጅም ዘመን በሕግ ጓሮ የቆመች ናት። በስፔን የማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓት ውስጥ የራሷ ልዩ መደብ ነበራት፤ በዚያ መደብ ውስጥ ሕመምና እርጅና ሲታሰቡ ሥራ ማጣት ግን አልታሰበም ነበር። በ2019 ዓ.ም. በቪጎ ከተማ አካባቢ የምትሠራ አንዲት የቤት ሠራተኛ፥ ሥራ ባጣ አበል እንዳገኝ የሥራ አጥነት መዋጮ ልክፈል ብላ አመለከተች። አሠሪዋም ድርሻዬን እከፍላለሁ ብላ በጽሑፍ ተስማምታ ነበር። አሠሪና ሠራተኛ አንድ ሆነው እንክፈል ሲሉ መሥሪያ ቤቱ ሕጉ አይፈቅድም ብሎ መለሳቸው። ጉዳዩ በቪጎ ችሎት በኩል ሉክሰምቡርግ ደረሰ። በዚያ እንደ ተገለጠው በሜይ 2021 ዓ.ም. በዚህ መደብ ከተመዘገቡት 384 ሺህ 175 ሠራተኞች 366 ሺህ 991 የሚሆኑት፥ ማለት ከመቶው 95 እጅ በላይ፥ ሴቶች ነበሩ። የስፔን መንግሥት የቤት ሥራ ልዩ ጠባይ አለው፤ አሠሪዋ ነጋዴ ሳትሆን የቤት እመቤት ናት፤ ማጭበርበርንም ለመቈጣጠር አይመችም ሲል ተከራከረ። ዳኞቹ ግን አትክልተኛውና የግል ሾፌሩ እንደዚሁ ያለ ጠባይ ያለው ሥራ እየሠሩ ከዋስትናው ሲገቡ የቤት ሠራተኛዋ ለምን ትወጣለች ብለው ጠየቁ። በፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ዓ.ም. እንዲህ ያለው ሕግ ሴቶችን በተዘዋዋሪ የሚያበላልጥ ነው ብለው ወሰኑ። ስፔን በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ሕጓን ለወጠች፤ መዋጮውም ከኦክቶበር ጀምሮ ይከፈል ጀመር።

የሰዓቱ ነገር ግን ገና አልተነካም ነበር። በቤት ውስጥ ሰዓት ምን እንደሚመስል ለማወቅ አንባቢ ከእኛ ጋር ለጥቂት ጊዜ ወደ በርሊን ይምጣ። አንዲት የቡልጋርያ ተወላጅ በ2015 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከ90 በላይ የሆነ አንዲት አሮጊት እንድትጦር ተላከች። ከቡልጋርያው አሠሪ ኩባንያ ጋር የተዋዋለችው በሳምንት 30 ሰዓት ልትሠራ፥ ቅዳሜና እሑድም ልታርፍ ነበር፤ ደመወዟም በወር 950 ዩሮ ነው። የምታድረው እዚያው በአሮጊቷ ቤት ነው። ሠራተኛዋ እንደ ተናገረችው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ስትሠራ ትውላለች፤ ሌሊትም አሮጊቷ ብትጣራ እንድትሰማ የክፍሏን በር ከፍታ ትተኛለች። ሠላሳው ሰዓት የት ገባ? የፌዴራሉ የሥራ ፍርድ ቤት በጁን 24 ቀን 2021 ዓ.ም. የጀርመን የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ ከውጭ ለተላከችው ሠራተኛም እንደሚሠራ፥ ለመጠባበቂያውም ሰዓት ያው ዝቅተኛ ደመወዝ ሊከፈል እንደሚገባ ፈረደ። ስንት ሰዓት እንደ ሠራችና እንደ ተጠባበቀች ግን እንደ ገና እንዲጣራ ጉዳዩን ወደ በርሊን መለሰው። በ2022 ዓ.ም. የበርሊን ብራንደንቡርግ የሥራ ፍርድ ቤት አብዛኛውን ጥያቄዋን ተቀበለ። ከሥራው እስከ ፍርዱ ሰባት ዓመት ሆነ።

ይህን አውቀን ወደ ስፔን ስንመለስ የቅርብ ጊዜው ፍርድ ክብደት ይታየናል። በባስክ ግዛት ሙሉ ቀን የምትሠራ አንዲት የቤት ሠራተኛ በፌብሩዋሪ 2021 ዓ.ም. ከሥራ ተሰናበተች። ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው፤ ያልተከፈለኝ የትርፍ ሰዓትና ያልወሰድኩት የዓመት ፈቃድም ይከፈለኝ ብላ ከሰሰች። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ስንብቱ ያለ በቂ ምክንያት መሆኑን ተቀበለ፤ ሠርቻለሁ ያለችውን ሰዓትና ይገባኛል ያለችውን ደመወዝ ግን አላስረዳችም አለ። አሠሪዎቿ መዝገብ አላቀረቡም፤ ይሁንና የስፔን ደንብ ቤተ ሰብን ከመመዝገብ ግዴታ ነፃ አውጥቶታል ተብሎ ስለ ተተረጐመ የመዝገቡ አለመኖር በአሠሪዎቹ ላይ አልተቈጠረም። የባስክ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህ ነገር ቢከብደው ሉክሰምቡርግን ጠየቀ።

መልሱ ዲሴምበር 19 ቀን 2024 ዓ.ም. መጣ። የቤት ሠራተኛን የሚያሠራ ሰው የሥራ ሰዓቷን የሚለካ ሥርዓት ከማቋቋም ነፃ ነው የሚል ሕግም ሆነ የፍርድ ቤት ትርጓሜ ከመመሪያው ጋር አይስማማም፤ ሠራተኛዋ የሠራችውን ሰዓት በማይጠረጠር መንገድ ለማወቅ እንዳትችል ያደርጋታልና። በተጨማሪም ይህ ሥራ በአብዛኛው የሴቶች ስለ ሆነ ነገሩ በተዘዋዋሪ የጾታ መድልዎ ሊሆን እንደሚችል አመልክተው የአገሩ ዳኛ ይህን እንዲያጣራ አዘዙ። አንድ በር ግን ክፍት ትተዋል። እንደ ሥራው ጠባይና እንደ አሠሪው አቅም የአመዘጋገቡ ሁኔታ ሊለያይ ይችላል፤ መብቱን ባዶ እስካላደረገው ድረስ።

የሚቃወሙት ሰዎች የሚሉትን በቀላሉ ልናልፈው አንፈልግም። ቤት ፋብሪካ አይደለም። አሠሪ የተባሉት ሰማንያ ዓመት የሞላቸው፥ ዓይናቸው የደከመ መበለት ሊሆኑ ይችላሉ። ሠራተኛዋ ከእርሳቸው ጋር ቡና ጠጥታ፥ ቴሌቪዥን አይታ፥ ልጇን በስልክ አነጋግራ ትውላለች። ከዚህ ውስጥ የትኛው ደቂቃ ሥራ፥ የትኛው ዕረፍት እንደ ሆነ ለመለየት ይቸግራል። ይህ እውነት ነው። ሆኖም የችግሩን ክብደት ማን ይሸከመው ቢባል፥ እስከ ዛሬ የተሸከመችው ሠራተኛዋ ብቻ ናት። ዳኛው ችግሩን ሲያይ «አላስረዳሽም» ይላታል። መበለቲቱ ያቃታቸውን መዝገብ እርሷ ከየት ታመጣዋለች?

«እንደ ልጃችን ናት፤ በሰዓት አንቈጥርባትም» የሚለው አነጋገርም አለ። በአገራችንም የምንሰማው ነው። ብዙ ጊዜ ከቅን ልብ የሚነገር መሆኑን አንጠራጠርም። ነገር ግን ልጅ ደክሟታል ሲባል ትተኛለች፤ ሠራተኛዋ ግን እንግዳ ሲመጣ ትነሣለች።

አገራችንን ካነሣን አይቀር ሁለት ነገር እንበል። በ2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። አሠሪውም የሳምንት ዕረፍትን፥ የበዓላትንና የፈቃድን ነገር በመዝገብ እንዲይዝ፥ ሚኒስቴሩ የሚጠይቃቸውንም ሌሎች ዝርዝሮች እንዲጨምር ያዝዛል። የዕለቱን መግቢያና መውጫ ከእነዚህ ዝርዝሮች አንዱ ለማድረግ የማድሪዱ ክርክር ጥሩ ምክንያት ይሰጣል፤ ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ ወጣቶች ወደ ፊት እንዲህ ያለውን መመሪያ የሚያረቅቁት እነርሱ ናቸውና ልብ ይበሉት። በሰው ቤት የሚሠሩትን ግን አዋጁ በራሱ አልያዛቸውም፤ ሁኔታቸው የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። በዓረብ አገሮች በሰው ቤት ስለሚሠሩት እኅቶቻችንም ብንናገር፥ የሉክሰምቡርጉ ፍርድ እዚያ ኃይል የለውም። ሆኖም ከበርሊኗ ሴት ታሪክ ውስጥ ሌሊት በር ከፍቶ መተኛቱን ብዙዎቹ ሳይነገራቸው የሚያውቁት ይመስለናል።

የቀረው ጥያቄ መዝገቡ በቤት ውስጥ እንዴት ይያዝ የሚለው ነው። እኛ ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል ብለን አናስብም። ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ደብተር፥ ጠዋት ሲገባ ሰዓቱ የሚጻፍበት፥ ማታ ሲወጣ ሁለቱም የሚፈርሙበት ቢሆን ለብዙው ቤት ይበቃል። የበለጠ የሚያስቸግረው ቍጥጥሩ ነው። የፋብሪካን መዝገብ ተቈጣጣሪው ገብቶ ያያል፤ የሰው መኖሪያ ግን በስፔን ሕገ መንግሥት የተከበረ ስለ ሆነ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወይም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይገባበትም። ይህን ክብር ማንም እንዲነካ አንመክርም። ስለዚህ የሚሻለው ተቈጣጣሪው ወደ ቤቱ ከሚሄድ ደብተሩ ወደ ተቈጣጣሪው እንዲሄድ ማድረግ ነው፤ በየወሩ መዋጮ ሲከፈል የሰዓቱ ድምር አብሮ ቢገለጽ መንገዱ ይከፈታል። ደብተር ካልቀረበ ደግሞ፥ ቢያንስ በቤት ሥራ፥ ሠራተኛዋ የተናገረችው ሰዓት አሠሪው እስኪያፈርሰው ድረስ ይታመን የሚል ደንብ ቢጨመርበት የሾፌሩ ዓይነት ፍርድ በእርሷ ላይ አይደገምም።

የባስኳ ሠራተኛ ጉዳይ ከሉክሰምቡርግ ተመልሶ ወደ ጠየቀው ፍርድ ቤት ሄዷል። ከ2024 ዓ.ም. ወዲህ የሚቀጠሩት ደብተር ይከፈትላቸው ይሆናል። የእርሷን ሰዓት ግን በዚያን ጊዜ የጻፈው ሰው የለም፤ ዳኞቹ የሚመዝኑት የእርሷንና የአሠሪዎቿን ቃል ነበር።